ጠገራ ብርና አሞሌ፤ የገንዘብ ንግድ ቃሎችና ዘዴዎች በቀድሞው የኢትዮጵያ ገበያ

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከለቀቀ፣ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ከተከፈተ ወዲህ፣ በተማሪዎች መካከል የአክሲዮንና የምንዛሪ ነገር የማይነሣበት ቀን የለም። የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ በባዕድ ቃል ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ገንዘብን እንደ ሸቀጥ መግዛትና መሸጥ ትናንት ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ሊመስለው ይችላል። እኛም ለጊዜው እንዲሁ መስሎን ነበር።

ይህን ጽሑፍ እንድንጀምር ያነሣሣን ግን ሌላ ምክንያትም አለ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን፣ ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ባስመቱ ጊዜ ሕዝቡ አዲሱን ብር ትቶ የአንዲት የሞተች ንግሥት መልክ ያለበትን የኦስትሪያ ብር የሙጥኝ ያለው ባለማወቁ ነው ተብሎ ተነግሮን ነበር። ክፍሉ ሁሉ ሣቀ፤ እኛም ሣቅን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የገንዘብን ታሪክ መመርመር ስንጀምር ያ ሣቅ አሳፈረን። ጠገራውን ይዞ የቀረው ነጋዴ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው እንደ ነበር ከዚህ በታች ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከጠገራ ብር በፊትም ሆነ ከጠገራ ብር ጋር አብሮ የኖረው መገበያያ አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ከጨው ሜዳው እየተፈለጠ፣ እንደ ጥርብ እንጨት ተስተካክሎ ተቈርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል፤ ከዚያም በሰቈጣና በጎንደር፣ በጎጃምና በሸዋ አድርጎ እስከ ከፋ ድረስ ይዘልቃል። በስድስተኛው መቶ ዓመት የጻፈው ኮስማስ፣ የአክሱም ሰዎች ወርቅ ወዳለበት ወደ ሳሱ አገር በሬና ጨው ብረትም ይዘው እየሄዱ ይለውጡ እንደ ነበር ይናገራል። ስለዚህ ጨው የንግድ መለወጫ መሆኑ እጅግ የቈየ ነገር ነው።

ነገር ግን ለእኛ ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው የፖርቱጋሉ ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ምስክርነት ነው። አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 ድረስ በአገራችን ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። እርሱ እንደሚለው፣ ጨው ከሚወጣበት ስፍራ አጠገብ በአንድ ድራም ወርቅ ከ120 እስከ 130 አሞሌ ይገዛል፤ አንድ ቀን መንገድ ርቆ ባለው ገበያ አምስት ወይም ስድስት ይጐድላል፤ እንዲህ ከገበያ ወደ ገበያ እየቀነሰ ሄዶ ከንጉሡ ሠፈር ሲደርስ በአንድ ድራም የሚገኘው ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ነው፤ በክረምት ደግሞ እስከ አምስት ይወርዳል።

ይህን ቍጥር በሒሳብ እንየው። አንድ ድራም ወርቅ ይዞ ወደ ጨው አገር የወረደ ሲራራ ነጋዴ 120 አሞሌ ቢገዛና ሁሉንም በደኅና ቢያደርስ፣ ስድስት ስድስቱን በአንድ ድራም ሲመነዝር ሃያ ድራም ያገኛል። አንዱ ሃያ ሆነ ማለት ነው። እውነት ነው፣ ይህ ሁሉ ትርፍ አይደለም። ለአጋሰሱ ቀለብ፣ ለጫኙ ደመወዝ፣ በየኬላው ለቀረጥ ይከፈላል፤ ሽፍታ አለ፤ ወንዝ አለ፤ አሞሌው ሲሰበር ዋጋው ይቀንሳል፤ እርጥበት ሲያገኘው ይሟሟል። ስለዚህ ነጋዴው አሞሌውን በልጥ ያስረዋል፤ ባለቤቱም ቤት ካስገባው በኋላ ከምድጃ በላይ ጢስ በሚያገኘው ስፍራ ያስቀምጠዋል። ሆኖም ዛሬ የምጣኔ ሀብት መምህራን በሁለት ገበያ መካከል ባለው የዋጋ ልዩነት መነገድ የሚሉት ዘዴ ከነምክንያቱ እዚህ ላይ ይገኛል። ልዩነቱ የሚኖረው በመንገዱ ድካምና አደጋ ልክ ነው፤ ነጋዴ በበዛ ቍጥርም ትርፉ ወደ ድካሙ ልክ እየወረደ ይሄዳል።

አልቫሬዝ ስለ ክረምት የጨመረው አንድ ቃል ደግሞ ሌላ ዘዴ ያሳየናል። በክረምት ተከዜም ዐባይም ይሞላሉ፤ ሲራራ ይቆማል፤ ጨው ወደ መሐል አገር አይገባም። በበጋ ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ በአንድ ድራም ገዝቶ እስከ ሐምሌና ነሐሴ ያቈየ ሰው በአምስት አሞሌ አንድ ድራም ያወጣል። በሰባት ገዝቶ በአምስት የመነዘረ፣ በሦስት ወይም በአራት ወር ውስጥ ከመቶ አርባ ያተርፋል ማለት ነው። ከዚህ ላይ የሟሟውንና የተሰበረውን ይቀንሷል። ምንም ሥራ ሳይሠራ ጊዜን ብቻ የሚሸጥ የሚመስለው ይህ ሰው በገበያ ዘንድ አይወደድም ነበር፤ ይሁን እንጂ እርሱ ባይኖር በነሐሴ ጨው በምን ዋጋ ይገኝ ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ወደ ጠገራ ብር እንለፍ። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በኅዳር ወር 1780 ነው። ከዚያ በኋላ ስሟንና መልኳን የያዘው ብር በዚያው በ1780 ዓመተ ምሕረት ላይ እንደ ቆመ ሁለት መቶ ዓመት ሲመታ ኖረ። ክብደቱ በሕግ 28.0668 ግራም ሲሆን ከስድስት እጅ አምስቱ እጅ ጥሩ ብር ነው፤ ይኸውም 23.389 ግራም ጥሩ ብር ማለት ነው። አንድ የክፍል ጓደኛችን ከአያቱ ሣጥን ሦስት ጠገራ አምጥቶልን በቤተ ሙከራው ሚዛን መዘንናቸው። አንዱ 28.0፣ ሁለተኛው 27.9፣ ሦስተኛው 27.4 ግራም ሆኑ። ሦስተኛው ለአንገት ጌጥ ተብሎ ማንጠልጠያ ተበይዶበት የነበረ ነው፤ ማንጠልጠያው ሲነሣ ከአካሉም ጥቂት ሄዷል። የቀድሞ ነጋዴ ቢያየው ያለ ቅናሽ አይቀበለውም ነበር።

ነጋዴው ብሩን የሚመረምርበት ሥርዓት የታወቀ ነው። በትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቍ ይቈጥራል፤ ዘጠኝ ሊሆን ይገባል። የራሷን ጌጥ ነጥቦች ያያል። ጠርዙን በጣቱ ይዳስሳል፤ ጠርዙ ላይ ፍርድና ምሕረት የሚል የላቲን ጽሑፍ ከፍ ብሎ ተቀርጿልና፣ ማንም ከዳሩ ፍቆ ብር ቢሰርቅ ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል። የውጭ አገር መንገደኞች ይህን አይተው አበሻ ዕንቍ ሲቈጥር ይውላል እያሉ ቀልደዋል። በዚያ ዘመን ግን በለንደን የሚገኝ ገንዘብ ለዋጭም የወርቅ ሳንቲም ሲቀበል በሚዛን ሳይመዝን አያስገባም ነበር። አንዱ ሚዛን አለው፤ ሌላው ዐይን፣ ጣትና ጆሮ ነበረው፤ የሁለቱም ሥራ አንድ ነው።

ጠገራ ብር እንደ ዛሬው የወረቀት ገንዘብ መንግሥት ይህን ያህል ነህ ብሎ ያዘዘው አልነበረም። ዋጋው በውስጡ ባለው ብር ነበር፤ የብርም ዋጋ የሚቈረጠው አዲስ አበባ ወይም ሐረር ሳይሆን ለንደን ነበር። በለንደን ብር የሚነገረው በአንድ አውንስ ይህን ያህል ፔኒ እየተባለ ሲሆን፣ ያ አውንስ ከሺሕ 925 እጁ ጥሩ ብር የሆነ ነው። እኛ ባደረግነው ስሌት አንድ ጠገራ ከዚህ አውንስ 0.813 ያህል ይይዛል። እንግዲህ የለንደንን ዋጋ በ0.813 ያባዛ ሰው የጠገራውን የብርነት ዋጋ ያገኛል። ከ1873 በፊት አውንሱ 60 ፔኒ አካባቢ ነበር፤ ጠገራው ወደ 49 ፔኒ፣ ማለት አራት ሽልንግ ከአንድ ፔኒ ይሆናል። ጀርመንና ሌሎችም መንግሥታት ብርን ትተው ወርቅን የገንዘብ መሠረት ካደረጉ በኋላ ብር እየረከሰ ሄዶ በ1914 ገደማ 25 ፔኒ ደረሰ፤ ጠገራውም 20 ፔኒ ሆነ። ያን ጊዜ በጎሬ ወይም በጅማ ተቀምጦ አሥር ሺሕ ጠገራ በጕድጓድ የቀበረ ባለጸጋ፣ አንድ ብር ሳይሰረቅበት፣ ከሀብቱ ከግማሽ በላይ በውጭ ዕቃ ሲቈጠር ጠፍቶበታል። ጕድጓዱን ሲከፍት ብሩ ሁሉ አለ፤ የጐደለው ከጕድጓዱ ውጭ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው መገለባበጥ የበለጠ የሚያስደንቅ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኦስትሪያ ከተዋጊዎቹ አንዷ ስለ ነበረች ከቪዬና በትሪየስቴ ወደብ ይመጣ የነበረው ጠገራ ተቋረጠ፤ የብርም ዋጋ በዓለም ላይ ወጣ። በየካቲት 1920 የለንደን ዋጋ 89.5 ፔኒ ደረሰ። በእኛ ስሌት ጠገራው ከ72 ፔኒ በላይ፣ ማለት ስድስት ሽልንግ ከአንድ ፔኒ ያህል ሆነ። ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ ብር ከዚያ ከግማሽ በታች ወረደ። በ1931 አውንሱ 12 ፔኒ ድረስ ሲወድቅ ጠገራው አሥር ፔኒ እንኳ አይሞላም ነበር።

በዚህ ውጣ ውረድ ማን ተጠቀመ፤ ማንስ ተጐዳ? ይህን ለማወቅ በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ የነበሩትን ነጋዴዎች በሁለት መክፈል ያስፈልጋል። አንደኛው ቡና፣ ቆዳና ሰም ገዝቶ ወደ ውጭ የሚልክ ነው። እርሱ ለገበሬውና ለሰብሳቢው የሚከፍለው በጠገራ ነው፤ ከውጭ የሚቀበለው ግን ፓውንድ ወይም ፍራንክ ነው። ጠገራ ሲወደድ ለዚያው ቡና ብዙ ፓውንድ ያወጣል፤ ስለዚህ ይከስራል። ሁለተኛው አቡጀዲ፣ ቆርቆሮና ክር የሚያስገባ ነው። እርሱ ደግሞ የሚሸጠው በጠገራ፣ የሚከፍለው በፓውንድ ነው። ጠገራ ሲወደድ ይደሰታል፤ ሲረክስ ግን በዱቤ ያስገባውን ጨርቅ ሸጦ የሰበሰበው ብር ዕዳውን አይከፍልለትም።

ብልኆቹ ነጋዴዎች ሁለቱን ንግድ በአንድ ቤት ያዙ። እንደ መሐመድ አሊ ያሉት የሕንድ ቤቶች፣ ከግሪኮችና ከአርመኖችም አንዳንዶቹ፣ በአንድ እጅ ጨርቅ እያስገቡ በሌላው ቡናና ቆዳ ያወጡ ነበር። በጨርቁ የሰበሰቡትን ጠገራ ወደ ፓውንድ ሳይለውጡ ያንኑ ለቡና ይከፍሉታል፤ ከቡናው ያገኙትን ፓውንድ ደግሞ ለጨርቁ ዕዳ ያውሉታል። ጠገራ ቢወጣ በአንዱ ያጡትን በሌላው ያገኛሉ። ዛሬ በገንዘብ ገበያ ላይ ኪሳራን በተቃራኒ ውል መመከት የሚባለው ይህ ነው። በመጽሐፍ ላይ ስናነበው ከባድ መስሎን የነበረ ነገር በአንድ የአራዳ መደብር ውስጥ ሲሠራ ስናገኘው እጅግ ቀላል ሆነልን።

በለንደን የአክሲዮን ደላሎች ዘንድ ዋጋ ይወጣል ብሎ የሚገዛው ሰው ኮርማ፣ ይወርዳል ብሎ የሚሸጠው ደግሞ ድብ ይባላል። ድብ የተባለበት ምክንያት ድቡን ሳይገድሉ ቆዳውን አስቀድሞ ስለ መሸጥ ከሚናገር የቆየ ተረት የተነሣ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ሰው በእጁ የሌለውን ይሸጣልና። በአገራችን ገበያ ኮርማው ግልጽ ነው፤ ጠገራ ሰብስቦ የሚቀብረው ሰው ነው። ድቡስ? እርሱም ነበረ፤ ነገር ግን በተበዳሪ ስም ይኖር ነበር። በ1920 መጀመሪያ ላይ አንድ ሺሕ ጠገራ ተበድሮ በዚያው ሰሞን ወደ ፓውንድ የለወጠ ነጋዴ ሦስት መቶ ፓውንድ ያህል ያገኛል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን አንድ ሺሑን ጠገራ መልሶ ለመግዛት ከዚያ ግማሽ አይፈጅበትም፤ ቀሪው ትርፉ ነው። አራጣውን ከፍሎም ብዙ ይተርፈዋል። ብሩ በመውደቅ ፈንታ ቢወጣ ኖሮ ግን ቤቱ ይሸጥ ነበር። ያበደረውም ሰው አንድ ሺሕ ጠገራ አበድሮ አንድ ሺሕ ጠገራ ስለ ተመለሰለት የተበደለ አይመስለውም።

በእጅ የሌለውን የመግዛትና የመሸጥ ሌላው መልክ ወደ ገጠር ሲወርድ የከፋ ነው። እህልን በእሸቱ፣ ቡናን በአበባው መግዛት የሚባለው ልማድ ነው። ገበሬው በክረምት ገንዘብ ሲያጥረው ገና ያልደረሰውን ቡና በዛሬ ዋጋ፣ ይልቁንም ከዛሬ ዋጋ ባነሰ፣ ይሸጣል። ነጋዴው በምርት ጊዜ መጥቶ ይወስዳል። በሕግ ዐይን ሁለት ሰዎች ወደው የተዋዋሉት የቀጠሮ ሽያጭ ነው፤ በትልልቅ ገበያዎችም ይህን የመሰለ ውል ገበሬውን ከዋጋ መውደቅ ያድነዋል ይባላል። ልዩነቱ ግን እዚያ ሻጩ ብዙ ገዢ አለው፤ እዚህ ግን በደጁ የቆመው ገዢ አንድ ነው፤ ያም ሰው ራሱ አበዳሪው ነው።

ስለ ባንኩም ጥቂት እንበል። የአቢሲኒያ ባንክ በ1905 ዳግማዊ ምኒልክ ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ጋር ባደረጉት ውል የተቋቋመ ሲሆን፣ በየካቲት 1906 በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። ዋናው ገንዘቡ 500,000 ፓውንድ ተብሎ በአክሲዮን ተከፍሎ በውጭ ከተሞች ለሽያጭ ቀረበ። አክሲዮን የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ ወደ ቋንቋችን የገባ ነው፤ ሐሳቡ ግን ለነጋዴ እንግዳ አልነበረም። ወረት አዋጥቶ መነገድ፣ ትርፉንም እንደ መዋጮው መካፈል የሲራራ ልማድ ነው። እንግዳ የሆነው መዋጮውን ለማያውቁት ሰው ሸጦ መውጣት መቻሉ ነው። ይህ ባንክ በ1931 በመንግሥት ተገዝቶ በኢትዮጵያ ባንክ ሲተካ ለባለአክሲዮኖቹ ካሣ ተከፍሏል።

ከባንኩ ሥራ ለእኛ የሚጠቅመው ጠገራን ከባሕር ማዶ ማስመጣቱ ነው። የቪዬና ማተሚያ ቤት ብር ለሚያመጣለት ለማንኛውም ሰው ዋጋውን ተቀብሎ ጠገራ ይመታ ነበር። ስለዚህ የጠገራ ዋጋ በሁለት ድንበር መካከል ይወዛወዛል። በአዲስ አበባ ዋጋው ከብሩ ዋጋ፣ ከማስመቻው፣ ከመርከቡና ከባቡሩ ኪራይ ድምር በላይ ሲወጣ አዲስ ጠገራ ማስመጣት ያዋጣል፤ ሲገባም ዋጋው ይወርዳል። ከብሩ ዋጋ በታች ሲወርድ ደግሞ ጠገራውን ሰብስቦ ወደ ውጭ መላክ ወይም ማቅለጥ ያዋጣል፤ ሲወጣም ዋጋው ይነሣል። አንድ ሺሕ ጠገራ 28 ኪሎ ይመዝናል። በበቅሎ ከባሕር ጠረፍ እስከ ሸዋ በሚጫንበት ዘመን ሁለቱ ድንበሮች እጅግ የተራራቁ ነበሩ። ባቡሩ በ1902 ድሬ ዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ድንበሮቹ ተቀራረቡ፤ በልዩነቱ ይኖር የነበረውም ሰው ሌላ ሥራ ፈለገ። በዓመቱም ውስጥ ቢሆን፣ ቡና በሚሸመትበት ወራት ላኪው ሁሉ ጠገራ ስለሚፈልግ ይወደዳል፤ በክረምት ይረክሳል። አሞሌ በክረምት ሲወደድ ጠገራ በክረምት ይረክስ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ወደ ምኒልክ ብር እንመለስ። 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበት ይህ ብር በፓሪስ የተመታ ሲሆን ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ጥራቱም ከሺሕ 835 ነው። ሁለቱን ስናባዛ 23.44 ግራም ጥሩ ብር ይገኛል። ከማሪያ ቴሬዛው በጥቂት ይበልጣል እንጂ አያንስም! ታዲያ በብርነቱ የማያንሰውን፣ የገዛ ንጉሡ መልክ ያለበትን ገንዘብ ነጋዴው በቅናሽ ካልሆነ አልቀበልም ያለው ስለ ምንድር ነው?

መልሱ ያለው በሳንቲሙ ውስጥ ሳይሆን ከአገሩ ድንበር ውጭ ነው። ጠገራው በምጽዋ፣ በዐደን፣ በጅዳና በየመን ያለ ጥያቄ ይኼዳል። ዕቃ ለማምጣት ወደ ባሕር የሚወርድ ነጋዴ ጠገራ ከያዘ በደረሰበት ሁሉ ገዢ አለው። የምኒልክን ብር ከያዘ ግን በዐደን የሚገዛለት እንደ ተራ ብር በሚዛን ነው፤ ልዩነቱን የሚከስረው እርሱ ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ የሸዋ ባለሱቅ ከገበሬው ሲቀበል ያንን ቅናሽ አስቀድሞ ይቀንሳል። ገበሬውም ይህን አይቶ ጠገራ ስጠኝ ይላል። በቶሎና በየትም ተቀባይ የሚያገኝ ገንዘብ እኩል ብር ካለበት ሌላ ገንዘብ ይልቅ ይወደዳል፤ ይህ የዛሬም የምንዛሪ ነጋዴ ሕግ ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ደግሞ ሕዝቡ የምኒልክን ትንንሽ ገንዘቦች፣ እነ ተሙንን፣ ግርሽንና ቤሳን፣ ቀስ በቀስ መቀበሉ ነው። ዝርዝር ገንዘብ ወደ ዐደን አይሄድም፤ ለዕለት ሽሮና በርበሬ የሚያገለግል ነው፤ አሞሌን ለመተካትም ያስፈልግ ነበር። ባለማወቅ እምቢ ያለ ሕዝብ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም እምቢ ባለ ነበር።

ኢጣልያኖችም ይህንኑ ትምህርት በኪሳራ ተምረዋል። ከ1890 ጀምሮ ለኤርትራ የንጉሣቸው የኡምቤርቶ መልክ ያለበትን ታለሮ አስመቱ፤ አልተወደደም። በ1918 ማሪያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት ቀርጸው እንደ ገና ሞከሩ፤ ዕንቍ የሚቈጥረው ነጋዴ ግን መልኳን ለየና ናቀው። በመጨረሻ በ1935፣ ወረራቸውን ሲያዘጋጁ፣ የእውነተኛውን ጠገራ መምቻ ከኦስትሪያ መንግሥት ወሰዱ። ይህ የሚያሳየው ነገር ትልቅ ነው፤ ጦር የሚያሰልፍ መንግሥት እንኳ በገበያው ላይ የራሱን ፊት ማስቀበል ስላቃተው የሞተችዋን ንግሥት ፊት ተዋሰ። ኢጣልያኖቹ ብቻቸውን እንዳይመቱት ከዚያ ወዲህ እንግሊዞችም በለንደን፣ ፈረንሳዮችም በፓሪስ ጠገራ ይመቱ ጀመር። በወረራው ዘመን ሊሬ በግድ ሲታዘዝና ለጠገራ ዝቅተኛ ዋጋ ሲቈረጥለት፣ ጠገራው ከገበያ ተሰወረ። በሕግ የረከሰው ገንዘብ ወጥቶ በሕግ የተወደደው ይቀራል የሚለው የታወቀ የምጣኔ ሀብት ደንብ በየጓዳው ሲፈጸም ታየ።

ነገሩ የተፈጸመው ከነጻነት በኋላ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በወረቀት ሲታወጅ፣ ሕዝቡ ብርን በእጁ መዳሰስ እንደሚወድ ስለ ታወቀ የሃምሳ ሳንቲሙ ገንዘብ ከአሜሪካ በተገኘ ብር ተመትቶ አብሮ ወጣ። ጠገራው ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ወደ አንጥረኛ ቤት ሄደ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረናል፤ ይኸውም በዚህ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ ስሙ ያልተጠራው ግብር ከፋይ ነው። ግብርህን በብር ክፈል ሲባል ገበሬው ብር አይዘራምና እህሉን ወይም ከብቱን ሸጦ ጠገራ ይገዛል። የሚሸጠው ጎረቤቱ ሁሉ በሚሸጥበት ሰሞን ነው፤ ስለዚህ እህሉ ረክሶ ጠገራው ተወዶ ይጠብቀዋል። በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስደው መንዛሪ በዓመት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠውን ገቢ የሚያገኘው በዚያ ሰሞን ነው። ሰብሳቢውም ዕንቍው የደበዘዘውን አልቀበልም ሲል ገበሬው ሁለተኛ ይመነዝራል። ስለ ጠገራ የጻፉት ሰዎች ስለ ነጋዴውና ስለ ባንኩ ብዙ ጽፈዋል፤ እኛም እንደምታዩት ከእነርሱ የተሻለ አላደረግንም፤ ለገበሬው የሰጠነው ይህን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ከጓደኞቻችን መካከል በክረምት ወደ አገራቸው የሚሄዱ፣ ሽማግሌዎችን ለግብር የሚሆነውን ጠገራ በምን ያህል እህል ይገዙ እንደ ነበር ጠይቀው ቢያመጡልን ለሚቀጥለው ዕትም እንሠራበታለን።

ሦስቱን ጠገራዎች ለጓደኛችን አያት ከመመለሳችን በፊት መርካቶ ወደሚገኝ አንድ አንጥረኛ ወስደን ዋጋቸውን ጠየቅን። ሚዛን ላይ አስቀመጣቸውና የዕለቱን የብር ዋጋ በስልኩ ተመለከተ። ለሁለቱ አንድ ዋጋ ሰጠ፤ ሦስተኛውን ገልበጥ አድርጎ አየና ቀነሰበት።